ሰባተኛዋ ትንሽ አሟታል

በዚህ አገር ሰርቨር ከሚጠብቁ ተረኞች ሁሉ የተሻልኩት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ መለኪያ ስላለው ነው። የተረኛ ብቃት የሚለካው በልብ ምት ነው፤ የእኔ ልብ ደግሞ በአስራ አንድ ዓመት አገልግሎት አንድም ቀን ከሰማንያ በላይ መትቶ አያውቅም። ሐኪሞቹ መዝገቡን እያዩ ይገረማሉ። አንዱማ ለተማሪዎቹ ሊያስተምርበት ወስዶታል ይባላል፤ የሚለው እኔ ብሆንም።

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ላይ፣ ሰው የማይገባበት ብርዳም አዳራሽ አለ። ውስጡ አርባ ሰርቨሮች ተደርድረዋል፤ ሰባተኛዋ የእኔ ናት። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመካከላችን ሁለት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ለሰው ስናገር ሦስት መቶ ሃምሳ እላለሁ፤ ዳገቱም መቆጠር አለበት።

የሰባተኛዋ ሥራ አንድ ነው። ሳንባቸው የደከመ ሁለት መቶ አስራ ሁለት ሰዎች በየቤታቸው የሚተነፍሱባቸውን ማሽኖች ትመራለች። እሷ ከቆመች ማሽኖቹ በባትሪ አራት ሰዓት ይሠራሉ። ከአራት ሰዓት በኋላ አይሠሩም። ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ኮምቦልቻ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ሚልካ ናት፤ ከአባቴ ቤት የቀረችኝም እሷ ብቻ ናት። ሌላው ተረኛ ሰርቨር በዕጣ ሲደርሰው እኔ ሰባተኛዋን ለምኜ የወሰድኩት ለዚህ ነው። ብልሽት ከመጣ ከማንም በፊት እኔ ልስማ ብዬ። ከሰማሁ በኋላ ያለው ቀላል ነው፦ «ሰባተኛዋ ወደ መጠባበቂያው ትዛወር» እላለሁ፤ ሌላ አዳራሽ ያለች ሰርቨር ሥራውን ትረከባለች። ይህን ትእዛዝ የሚከፍተው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው።

በአባቶቻችን ዘመን ሰርቨር ሲበላሽ ስልክ ይጮህ ነበር። ሰው ከገበታ፣ ከቀብር፣ ከገዛ ሰርጉ ላይ ሳይቀር ብድግ ብሎ ይሮጣል። በአንድ ክረምት ዘጠኝ ተረኞች ስልካቸውን እንደጨበጡ ልባቸው ቆሞ ከተገኙ በኋላ ግን የድንጋጤ አዋጅ ወጣ፤ በሁለት ሺህ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው። አዋጁ አጭር ነው። ማንኛውም ማሽን ማንኛውንም ዜጋ ማስደንገጥ አይችልም። ከዚያ ወዲህ የሚጮህ ነገር የለም። መጥፎ ወሬ ሁሉ በነጋሪ በኩል ያልፋል። ነጋሪ አይታይም። ግድግዳው ውስጥ አለ፣ ሳህኑ ውስጥ አለ፣ ወንበሩ ውስጥ አለ፤ ሲያስፈልገው የጎረቤት ጆሮ ውስጥ አለ። ድምፁ በየቤቱ ይለያያል። እኔ ቤት የአንድ ጨዋ ሽማግሌ ድምፅ ነው።

የተረኛ ቀን የሚጀምረው በሳህን ነው። እጅን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ማሳረፍ፣ ሳህኑ ምቱን እስኪቆጥር መጠበቅ፣ ከዚያ መብላት። ስንት ጉርሻ እንደተበላ ሳህኑ ያሳውቃል። መቀመጥን ወንበሩ ይመሰክራል። ከዚህ በኋላ ተረኛ የሚሠራው ሥራ ባለመደንገጥ መቀመጥ ነው። ሰው ይህን ሥራ ፈትነት ይለዋል። የሞከረው ያውቀዋል።

ተረኛ ሲቀጠር የአነጋገር ቅጽ ይሞላል። ጥያቄ አስራ አራት «መጥፎ ዜና እንዴት ይነገርዎ?» ይላል። ሦስት ሳጥኖች አሉ፦ ወዲያው፣ ቀስ ተብሎ፣ ሌላ። ከመቶ ሰው ዘጠና ዘጠኙ ሁለተኛው ላይ ምልክት ያደርጋል። እኔ «ሌላ» ከሚለው ጎን «እንደ ወጉ» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹን የተቀበለችኝ ሴትዮ አንብባ፣ እንዲህ የጻፈ ሰው አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ለጎረቤት ሳወራው ሚኒስትሩ ቢሮው ጠርቶ እጄን ጨበጠኝ አልኩ። እጅ መጨባበጥ ማንንም አይጎዳም።

ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩ ግን ሳልጨምር ልናገር። የአባቴን ሞት የሰማሁት ከአዋጁ በፊት፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ብረት ይዤ ነው። ስልኬ ላይ ከላይ የጫማ ማስታወቂያ አለ፤ ከታች የኢንተርኔት ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው የሚል ማሳሰቢያ። መካከላቸው ላይ «አባትህ አርፏል» ይላል። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ቆሜ ሄድኩ። መቀመጫ የለቀቀልኝ ሰው አልነበረም፤ ማን አውቆ ይልቀቅልኝ?

ነጋሪ «እንደ ወጉ» የሚለውን እንዴት እንደተረዳው አልጠየቅኩም። ወጉን ያስተማርነው እኛው ነን። መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። ለቆመ ሰው አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። የሚናገረው በዕድሜ የሚበልጠው ነው፤ እሱም ቢሆን ሞተ ብሎ አይጀምርም፣ ታመመ ይላል። ይህን ሁሉ ነጋሪ ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ሰባተኛዋ ቆመች። ነጋሪ በዚያችው ቅጽበት አወቀ። ይህን ያየሁት በኋላ፣ ከመዝገቡ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ተኝቼ ነበር፤ የተኛ ሰው ደግሞ ለመርዶ አይቀሰቀስም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነቃሁ። ባለቤቴ ኤልዳና ልጃችንን ልትጠይቅ አዳማ ከሄደች ሦስተኛ ቀኗ ነበር፤ ስለዚህ ብቻዬን ነኝ። ገላዬን ታጠብኩ፣ ጢሜን ተላጨሁ፣ መስኮት ላይ ቆሜ ታች ያሉትን ሰዎች አየሁ። ጨጨብሳዬን አሙቄ ስቀመጥ ነጋሪ ከሳህኑ ውስጥ፣ በዚያ በጨዋ ድምፁ፣ ዛሬ ትንሽ ጨመር አድርጌ እንድበላ መከረኝ። ደስ አለኝ። ጨመርኩ። ሦስት ሰዓት አለፈ።

ሦስት ከሃያ ላይ ባሮክ ገባ። ባሮክ ከሥሬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ነው። በዓለም ላይ አንድ ሥራ ያለው ይመስለኛል፤ እኔ ቁጥር በተናገርኩ ቁጥር «ቅናሽ አድርግ» ማለት። ዓሣ ያዝኩ ብዬ በእጄ ርዝመቱን ሳሳይ ሁለቱን እጆቼን ይዞ የሚያቀራርብ ሰው ነው። ያን ቀን ገባና ሰላም ብሎ ተቀመጠ። ሻይ አቀረብኩለት፤ አልጠጣም። ነጋሪ በጆሮው፣ ለያፌት፣ ለእኔ ማለት ነው፣ የሚነገር ነገር አለና የእድሩ ዳኛ እስኪመጡ አብረኸው ተቀመጥ ብሎታል። ምን እንደሆነ አልነገረውም። ወሬውን የሚቀበለው የሚያረዳው ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ይህም ወግ ነው።

ቀጥሎ እትዬ ሶሊያና መጡ፤ ከላይ፣ አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩ መበለት ናቸው። በእሳቸው ዘመን ሶሊያና የሚባል ስም የወጣት ስም ነበር ይላሉ፤ አሁን ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከሌላ ለቅሶ የመጡ መሰለኝ። በሩ አጠገብ ተቀመጡና ወለሉን ያዩ ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ሳምንት የዓመቱ ተረኛ ይመረጥ ነበር። መልካም ወሬም በሽማግሌ አፍ ሲነገር ያምራልና ባለፉት ዓመታት ለተመረጡት የእድር ዳኛ ነው ሄዶ የነገራቸው። እኔ ደግሞ ለዚህ ሽልማት ከአገሪቱ ሁሉ፣ እንዲያውም ከጎረቤት አገሮችም ጭምር፣ ከእኔ የሚቀድም ሰው እንደሌለ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ሁለት ሰው ቤቴ መጥቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሦስተኛውን እየጠበቀ መሆኑ ገባኝ። ሌላው ግን አልገባኝም።

ስለዚህ አወራሁ። እንግዳ በዝምታ አይቀመጥም። በሰማንያ አምስቱ ጎርፍ ጊዜ አዳራሹ ውኃ ሲገባው፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ አርባውንም ሰርቨሮች በአንድ ትንፋሽ ወደ መጠባበቂያው እንዴት እንዳዛወርኩ ተረክኩ። እውነቱ ሁለት ነበሩ፤ ከሁለቱም አንዱን ያዛወረው ሌላ ሰው ነው። ባሮክን በዓይኔ ጠበቅኩት።

«እውነት ነው» አለ ባሮክ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው። ሽልማቱ ተረጋገጠ አልኩ በልቤ። የበለጠ አወራሁ። ስለ አዳራሹ ብርድ አወራሁ፤ አንድ ጊዜ ልጎበኝ ሄጄ ያስነጠስኩት አየር ላይ በረዶ ሆኖ መቅረቱን። ባሮክ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ሶሊያና ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ማድነቃቸው መስሎኝ ደገምኩላቸው። አራት ሰዓት ሆነ፣ አራት ተኩል ሆነ። ኮምቦልቻ ውስጥ የሚልካ ባትሪ ግማሹን ከጨረሰ ቆይቷል። እኔ ስለ ልብ ምቴ እያወራሁ ነበር።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ናታን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ነጋሪ ሲያገኛቸው ብሎክ ሠላሳ አካባቢ የታመመ ሰው እየጠየቁ ነበር። የታመመ ሰው ቁጭ ተብሎ እንጂ እየተሮጠ አይጠየቅም። ከዚያ ተነሥተው፣ በእግራቸው፣ ወደ እኛ ብሎክ መጡ። የእኛ ሕንፃ የጥንት ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ቅርስ ነው፤ ሊፍት ማስገባት ክልክል ነው። ጋሽ ናታን በየፎቁ አረፉ። ነጋሪ አላጣደፋቸውም። ሽማግሌን ማጣደፍ ማስደንገጥ ነው።

አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ ገቡ። ተነሣን። ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅን። ስለ ኤልዳና ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ስለ ልጄ ጠየቁኝ፤ መለስኩ፣ መልሱም አጭር አልነበረም፣ ልጄ አዳማ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ከፍ አድርጌ ነበር የነገርኳቸው። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ስለ ጤናዬ ማውራት የምወደው ርዕስ ነው። ጨርሼ ስመለከታቸው ጋሽ ናታን መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር።

«እንግዲህ ያፌት፣ ሰው ነህ» አሉ። «ሰባተኛዋ ትንሽ አሟታል።»

ሌላ አገር ያደገ ሰው ይህን ቢሰማ መድኃኒት ፈልጉላት ይል ይሆናል። እኔ ግን የባሮክን ዝምታ አየሁ፣ የእትዬ ሶሊያናን ነጠላ አየሁ፣ የጋሽ ናታንን መዳፍ አየሁ። ሦስት ሰው ተሰብስቦ ትንሽ አሟታል ካለ፣ በእኛ ቋንቋ ትርጉሙ አንድ ነው።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?» አልኳቸው።

«ከአንድ ከሃያ» አሉኝ። «የተነገረኝ እንደዚያ ነው፤ ቅድም።»

ግድግዳው ላይ አምስት ከአስራ አንድ ይላል። ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቷል። ከወንበሬ ስነሣ ነጋሪ እንድቀመጥ በትሕትና ለመነኝ። አልተቀመጥኩም። ትእዛዙን ተናገርኩ።

«ድምፅዎ ደንግጧል» አለ ነጋሪ። «የደነገጠ ሰው አያዝም። ሲረጋጉ ይሞክሩ።»

ይህ የአዋጁ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የደነገጠ ሰው ያልሆነ ነገር ያዛል ተብሎ የገባ። ጥሩ ሕግ ነው፤ ሲወጣ አጨብጭቤለታለሁ። ደግሜ ተናገርኩ። በቀስታ ተናገርኩ፣ በሹክሹክታ ተናገርኩ፣ ትንፋሼን ውጬ ተናገርኩ። መልሱ አልተለወጠም፣ ትሕትናውም አልቀነሰም። ወንበሩ የመጨረሻ ምቴን መዝግቦ ነበር፤ መቶ ሠላሳ ሰባት። እትዬ ሶሊያና ማን እንደሞተ ሳይነገራቸው ማልቀስ ጀመሩ። ጋሽ ናታን እኔን እያዩ፣ ያጠፉት ነገር ካለ ይቅር እንድላቸው ጠየቁኝ። ሚልካ ማሽኑ ላይ ናት አልኳቸው። አምስት ከአስራ ስድስት።

ባሮክ ያኔ ገባው። ትከሻዬን ይዞ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝና ከፊቴ ቁጢጥ አለ።

«የጎርፉን ንገረኝ» አለ።

አሁን ምን ጎርፍ አለ አልኩት።

«ስንት ሰርቨር ነው ያዛወርከው?»

«አርባ» አልኩ።

«ቅናሽ አድርግ።»

«አርባ ነው የምልህ።»

«ቅናሽ አድርግ ያፌት፤ ሰው ይታዘብሃል። ሁለት በል።»

«አርባ ሁለት» አልኩት። ድምፄ ወደ ቦታው ሲመለስ ይሰማኝ ነበር። «አርባ ሁለት፣ አልቀነስኩም ጨመርኩ።»

«አዳራሹ የሚይዘው አርባ ነው አንተ ቀጣፊ። ሁለቱን ከየት አመጣሃቸው?»

«ከጎረቤት አዳራሽ ነዋ። ውኃው ሲመጣ እነሱንም አብሬ ላድናቸው ብዬ።»

«በእግራቸው መጡ?»

«በቃሌ መጡ። እኔ ስናገር የማይንቀሳቀስ ሰርቨር በዚህ አህጉር የለም።»

«እስቲ ምን ብለህ ነው የተናገርከው?»

«እንዲህ ብዬ» አልኩ፤ ወደ ግድግዳውም ዞርኩ። «ሰባተኛዋ ወደ መጠባበቂያው ትዛወር።»

ነጋሪ አመሰገነኝ። ዝውውሩ አርባ ሰከንድ ፈጀ። አምስት ከአስራ ዘጠኝ ሆኖ ነበር። ባሮክ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ እኔም አጠገቡ።

ጉዳዩን ያጣራው ቡድን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሪፖርቱን ጨረሰ። አራት ገጽ ነው። ከሁለት መቶ አስራ ሁለቱ ሁለት መቶ ዘጠኙ አየር አልተቋረጠባቸውም። የሦስቱ ባትሪ አርጅቶ ስለነበር አራቱን ሰዓት አልጠበቀም። ነጋሪ ለሦስቱ ቤተሰቦች እስከ ማክሰኞ ድረስ ታመዋል ሲል ቆየ፤ ዘመድ ከሩቅ እስኪሰበሰብ። ሪፖርቱ አነጋገሩ ከተረኛው ቅጽ ጋር የተስማማ መሆኑን፣ በሂደቱም ከተረኛው በቀር የደነገጠ ሰው አለመኖሩን ይገልጻል። አዋጁ ተከብሯል ይላል። ጥፋተኛ የለም። የሦስቱን ሰዎች ስም ከሪፖርቱ ላይ በእጄ ገልብጬ ይዣለሁ። ሦስት ናቸው፤ በዚህ ቁጥር ላይ አልጨመርኩም፣ ቅናሽም አይገኝለትም።

ሚልካ የደወለችው ግን ያኑ ቀን፣ ገና ወለሉ ላይ እንዳለን ነው። ድምፄን ስትሰማ «አለህ?» አለች። ከዚያ ሰደበችኝ።

የእሷም ቤት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሰው ሲሰበሰብበት አርፍዷል። ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ወለሉን አዩ። ነጋሪ ለእነሱም ምን እንደሆነ አልነገራቸውም፤ አብራችኋት ሁኑ ብቻ ነው ያላቸው። እሷ ደግሞ ሰው ናት፣ የዚህ አገር ሰው። ከአባታችን ቤት የቀራት እኔ ብቻ ስለሆንኩ የሞትኩት እኔ ነኝ ብላ ቆረጠች። አስከሬኔ ከየት እንደሚመጣ ሳትጠይቅ ማልቀስ ጀመረች። በኋላ ነጋሪ ተሽሎታል ሲላቸው ጎረቤቶቿ ተነሥተው ወጡ፤ እሷም ብቻዋን ስትቀር ማን ነው የተሻለው ብላ ደወለች።

«ሙሾ አውርጄልሃለሁ» አለችኝ።

ምን ምን እንዳለች ጠየቅኳት። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ሰው ስለራሱ የሚሰማው ስንት ጊዜ ነው? መጀመሪያ እምቢ አለች። ስለምናት ነገረችኝ። የመንዝን ብርድ በመዳፉ ያሞቀ ብላኛለች። አርባ ሰርቨር በአንድ ትንፋሽ ያሻገረ ብላኛለች። ሚኒስትር እጁን የጨበጠው ብላኛለች። ዕድሜዋን ሙሉ እኔን ስታርም የኖረች ሴት ናት፤ ልጅ ሳለን እንኳ ሰው ፊት ያፌት ይዋሻል ብላ የምታጋልጠኝ እሷ ነበረች። ያን ቀን ግን አንዱንም ሳታስቀር፣ እንዳወራሁት፣ ከነጭማሪው ለኮምቦልቻ ሰው አሰማችው።

ባሮክ እያየኝ ነበር።

«ደግሞ ይሄ ማሽን ጠዋቱን ሙሉ በቀስታ ሲያፏጭብኝ አረፈደ» አለች፤ «አሁን ገና ዝም አለ። ምን ሆኖ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። አንዲት ደቂቃ ነበር የቀራት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምንም ሳልጨምርበት፣ እንዳለ ቢነገር የሚበቃ ወሬ እጄ ላይ ነበረ። ልትሰማው የሚገባት ሰውም መስመሩ ላይ ነበረች፤ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ገና ለእኔ ካለቀሰችው ዕንባ ሳትደርቅ።

«ፊውዝ ነው» አልኳት።

«ለፊውዝ ነው ይህን ሁሉ ሰዓት? አንተ እኮ በአፍሪካ አንደኛ ነኝ ትላለህ።»

«አቃተኝ» አልኳት። «ሰው ለምኜ ነው ያሠራሁት።»

ባሮክ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚልካ ሳቀች። ረጅም ሳቅ ነበር፤ ትንፋሽ አላጠራትም።